ጠመኔ ለሰላምታ

የአምቦን ሰላምታ የማታውቁ ብትኖሩ ልንገራችሁ፤ የእኛ ሰላምታ በአፍ ብቻ አያልቅም። መጀመሪያ እጅ ይያዛል። ከዚያ "አካም ጂርታ?" (እንዴት ነህ?) ይባልና ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ ተራ በተራ ይጠየቃሉ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ እጅህ አይመለስልህም። አንዳንዱማ "ደኅና ነኝ" ባልከው ቁጥር ጨበጥ ያደርግሃል፣ እንዳልዋሸህ ለማረጋገጥ። ጤነኛ ጣት ላለው ሰው ይህ ፍቅር ነው። እኔ ግን አንድ ሰሞን ይህን ፍቅር ስሸሽ በየጓሮው ዞሬያለሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። መዝሙር አልችልም፣ ኳስ አልችልም፣ ምስማር ስመታ የማገኘው አውራ ጣቴን ነው። ፈጣሪ ግን ፈጽሞ አልረሳኝም፤ ያለ ኮምፓስ፣ በባዶ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ ሰሌዳ ላይ ክብ እስላለሁ። የማያምን ተማሪ ጠመኔ በክር አስሮ መጥቶ ለክቶታል። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ "እስቲ አንዴ ሳልላቸው" ብሎ ከክፍል ይጠራኛል። ክቡ ሲዘጋ ጭብጨባ ይሆናል፤ እኔም እንደማይሞቀኝ እንደማይበርደኝ ሆኜ እጄን አራግፋለሁ። ውሸት ነው፣ በጣም ይሞቀኛል።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ተነሥቼ ሸሚዝ ስለብስ ቁልፉ እምቢ አለኝ። ቁልፉ ከፍቶብኝ መስሎኝ ሌላ ሸሚዝ አወጣሁ፤ ያም እምቢ። ጣቶቼን ሳያቸው አብጠዋል። ሁለቱም እጆቼ፣ እኩል፣ ማታ ተመካክረው ያደሩ ይመስላሉ። ባለቤቴ ጫልቱ መጥታ እንደ ሕፃን ቆለፈችልኝ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ብርድ ነው" አልኳት። እኛ አገር ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም።

ብርዱ አንድ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከወርም አለፈ። ለምን ሐኪም ቤት አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ፈርቼ ነው። እጁ የታመመ የሒሳብ መምህር ምን ይደረጋል? ሪከርድ ክፍል ይመደባል። ሪከርድ ክፍል የገባ መምህር ደግሞ ቀስ በቀስ ራሱ ፋይል ይሆናል፤ አቧራ ይጠጣል፣ የሚፈልገው ሲመጣም አይገኝም። ከሰሌዳው መለየት ለእኔ ከዚህ ዓለም ግማሹን እንደመልቀቅ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ መሰላችሁ። ለራሴ ለመንገር ግን ጊዜ አጣሁ።

ትልቁ ችግር ሰላምታው ነበር። መቼም ወጉን ታውቁታላችሁ፤ እጁ የቆሸሸ ሰው መዳፉን አይሰጥም፤ ጣቶቹን አጥፎ የእጁን አንጓ ይዘረጋል፤ ሰላምተኛውም አንጓውን ይይዛል። መካኒኩ እንደዚህ ነው፣ ሥጋ ቆራጩ እንደዚህ ነው፣ ምሳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ እጄ ጠመኔ በጠመኔ ስለነበረ አንድ ባልደረባዬ በአንጓዬ ሰላም አለኝና አለፈ። ምንም አላመመኝም! አርኪሜድስ ገንዳው ውስጥ ሆኖ እንዲህ ደስ ያለው አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመኔ ከኪሴ አልጠፋም። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ሳይ ኪሴ ውስጥ እጄን አሸት አሸት አደርጋለሁ፣ ከዚያ "ይቅርታ፣ ጠመኔ ነው" ብዬ አንጓዬን እዘረጋለሁ። ሱሪዎቼ በሙሉ በኪስ በኩል ነጡ። ጫልቱ እዚያው ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጠመኔ ከሌላው ጊዜ ቶሎ እያለቀ ነው ብላ ስታማርር እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ።

የጉዳችን ዋና ሰው ኦቦ ቶላሳ ናቸው፤ ኦቦ እንደ አቶ ነው። ጎረቤታችን ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ጉደር ገበያ እህል ይነግዳሉ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሱ ሰው ሲጨብጡ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። አንድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ምእመኑን ሲቀበሉ ደረስኩ። ኮት ለብሻለሁ፣ ክራባት አስሬያለሁ (ጫልቱ አስራልኝ)፣ እጄ ግን እስከ አንጓዬ ነጭ ነው።

"በርሲሳ!" አሉኝ። በርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ሰፈራችን ስሜን ከረሳው ቆይቷል። "እሁድ ደግሞ የምን ጠመኔ ነው?"

"የ... የሕፃናቱን ክፍል ትንሽ ላግዛቸው ብዬ" አልኩ።

ውሸት ከጠመኔ የበለጠ ይጣበቃል። የማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ ኦቦ ቶላሳ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ማንም ሳይጠይቀው በገዛ ፈቃዱ የሕፃናት ክፍልን የተረከበ መምህር መኖሩን አበሰሩ። ጉባኤው እልል አለ። በቀጣዩ እሁድ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ፊት ቆሜ በታመመ እጅ የኖኅን መርከብ ሳልኩ። አንዷ ሕፃን መርከቡን ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ "ጋሼ፣ ድንቹ ውስጥ እንስሳቱ እንዴት ይገባሉ?" አለችኝ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ የራሱ ሐኪሞች አሉት። የስፖርት መምህሩ ጣቴን በጨረፍታ አይቶ "ሪህ ነው፣ ሥጋ አቁም" ብሎ ፈረደ። የታሪክ መምህሩ ተገረመ፤ "በመምህር ደሞዝ ሪህ ከየት ያመጣል? ተደብቆ ቁርጥ ይበላል ማለት ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ስወጣ ባዩኝ ቁጥር ይጠቃቀሱ ጀመር። በዓመት በዓል እንኳ ስንት ጉርሻ እንደሚደርሰኝ የማውቅ እኔ ሥጋ ተውኩ። እኔ ሥጋውን ተውኩት፣ በሽታው ግን እኔን አልተወኝም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰው ያለቀበት ዘመን ነውና በዚህ መሳቅ አያምርም፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን መጨባበጥ ሲከለከል በከተማችን አንድ ሰው ብቻ በልቡ ጨፍሯል። ያም ሰው ዛሬም ያፍርበታል። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ክብም ቀረ፣ ሰላምታም በክርን ሆነ። ክርኔ ደግሞ ጤነኛ ነበር። በዚያው ሰሞን ሁላችንም ኢሙኒቲ የሚባል ቃል ተማርን። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባጃጅ ነጂው ስለ ኢሙኒቲው ይጨነቅ ጀመር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ ማር ያልተቀላቀለበት ቤት አልነበረም። ኢሙኒቲ ከፍ ካለ ሁሉ ነገር ደኅና እንደሆነ ከተማው አምኖ ጨረሰ። ይህን እምነት ያዙልኝ፤ በኋላ በእኔ ላይ ይመጣል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የክብ ምዕራፍ ላይ ደረስን። እንደ ዱሮዬ ትንፋሼን ይዤ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ። ሲጀምር ደኅና ነበር። መሀል ላይ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፤ መስመሩ ወደ ጎን ሄደ፤ ሲዘጋ እንቁላል ሆነ።  የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ኤሊፕስ ገና አልደረስንም" አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ማረፊያ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የተማሪ ደብተር ክምር ላይ አለቀስኩ። ያለኝ አንድ ችሎታ ነበር፣ እሱም እንቁላል ሆነ።

ጫልቱ በዚያ ሳምንት ጎትታ አምቦ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ እነሱም ሪፈር ጽፈው ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ሚኒባሱ አዲስ ዓለም ላይ ሲቆም ሙዝ ገዛችና ልጣ ሰጠችኝ። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ሙዝ ተልጦለት ሲበላ ከጎናችን የተቀመጡት እናት በሐዘን ከንፈራቸውን መጠጡ። ከአእምሮዬም የታመምኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ንግግሯ ግን የሰከነ ነው። እያንዳንዱን የጣት አንጓ ጫን እያደረገች አየችው።

"ጠዋት ሲነሡ እጅዎ እስኪላላ ምን ያህል ይቆያል?"

"እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ" አልኳት።

ሳቀችና ደም አስመረመረችኝ፣ ራጅ አስነሣችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ቀድሜ ራሴን ለመከላከል ተነሣሁ። "ኢሙኒቲዬ ደክሞ ነው አይደል? ነጭ ሽንኩርት ግን አንድ ቀን አላጓደልኩም" አልኩ።

"አልደከመም መምህር። በጣም በርትቶ ነው የተሳሳተው።" ወንበሯን ጠጋ አደረገች። "ትምህርት ቤታችሁ ዘበኛ አለ?"

"አለ።"

"ሌባውን ትቶ መምህራኑን መደብደብ ቢጀምርስ?"

የእኛን ዘበኛ አሰብኩት፤ ሃያ ዓመት ያየኝ ሰውዬ ዛሬም መታወቂያ ይጠይቀኛል። "ዱላ አላነሣም እንጂ ጀምሯል" አልኳት።

"የእርስዎ አንጓዎች ላይ ያለው ይኸው ነው። ዘበኛው የገዛ ቤቱን ሰው እየደበደበ ነው። ዱሮ ይህን በሽታ ብርድ ነው፣ እርጅና ነው እያልን በማስታገሻ እንሸኝ ነበር፤ ጣቱም ተጣምሞ ይቀር ነበር። አሁን ሰውነት ውስጥ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ በደንብ እየታወቀ መጥቷል። ዘበኛውን የሚያስቆጣውን አንዱን መልእክት ብቻ ለይተው የሚያቋርጡ መድኃኒቶችም አሉ። እኛ ግን በቆየውና ደኅና አድርገን በምናውቀው እንጀምር፤ ያ ካልበቃ ሌላ በር አለ።"

"ሌላ በር አለ" የሚለውን ቃል እንደ ሎሚ ከረሜላ እስከ አምቦ ድረስ ስመጥጠው መጣሁ።

ማስጠንቀቂያዋን ግን ሦስት ጊዜ ነው የደገመችልኝ። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ በሌላ ቀን አንዲት ፍሬ መጨመር አደጋ አለው። በየጊዜው ደም እመረመራለሁ። ትኩሳት ከመጣ ሳልዘገይ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ለውጥ የለም ብዬ እንዳላቆም። ቀን ይምረጡ ስትለኝ ማክሰኞ አልኩ። ማክሰኞ ማታ ማታ የጸሎት ኅብረታችን በየቤቱ ይሰበሰባል፤ አይረሳኝም ብዬ ነው።

ቤት ስደርስ ጠያቂ ሞልቷል። ኦቦ ቶላሳ ዋናውን ወንበር ይዘዋል። የጫልቱ ታናሽ እህት አያንቱ ከእጃጂ ድረስ መጥታለች።

"ሐኪሞቹ ምን አሉ?" አሉኝ ኦቦ ቶላሳ።

"ኢሙኒቲዬን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጡኝ።"

 አንድ ሰው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ዝቅ?" አሉ ኦቦ ቶላሳ። "በዚህ ዘመን? ሰው ሁሉ ከፍ ሊያደርግ ሲራወጥ አንተ ብር ከፍለህ ዝቅ ታደርጋለህ?"

የዘበኛውን ነገር ላስረዳ ሞከርኩ። ኦቦ ቶላሳ ዘበኛ ቢያጠፋ ይመከራል እንጂ አይዳከምም አሉ። ዘበኛ ከደከመ ሌባው ይገባላ! ለክፍል ሙሉ ተማሪ የሦስት ማዕዘንን ነገር አስረድቼ የማውቅ ሰው አንድ ዘበኛ ማስረዳት አቃተኝ። ኦቦ ቶላሳም ክርክሩን በጸሎት ዘጉት፤ ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ! የዚህን ልጅህን ኢሙኒቲ አበርታ! እጥፍ ድርብ አድርገው!" ቤቱ በሙሉ "አሜን!" አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ አሜን ባልኩ ቁጥር ጣቴ የሚያብጥ ይመስለኝ ነበር። ግን እኮ በጸሎት መሀል "ጌታ ሆይ፣ የእሳቸውን እንዳትሰማ" አይባልም።

አያንቱ በበኩሏ አምስት ሊትር ጀሪካን ከወንበር ሥር አወጣች። ውስጡ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ማር ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የጎረቤት ድመት አጥር ዘለለች። በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ታዘዘልኝ። እንቢ ለማለት አፍ የለኝም፤ ከእጃጂ ድረስ ተሸክማ ያመጣችውን እንዴት አልጠጣም እላለሁ? በአንድ ሳምንት ውስጥ የፊት ወንበር ተማሪዎቼ በሙሉ ወደ ኋላ ፈለሱ። መድኃኒቱንም አያንቱ አልወደደችውም።

"በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዋጥ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ጋሼ? ጥሩ ከሆነ በየቀኑ፣ መጥፎ ከሆነ ጭራሽ!"

በየቀኑ የሚለውን እንኳ አልሰማኋትም፣ ዶክተሯ ስታስጠነቅቀኝ ያወዛወዘችው ጣት ዓይኔ ፊት ነበረ። ጭራሽ የሚለው ግን ቀስ ብሎ ገባብኝ። አራት ማክሰኞ ዋጥኩ፤ ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ብቻ መሰለኝ። በአምስተኛው ማክሰኞ ኦቦ ቶላሳ "ኢሙኒቲውን እጥፍ!" ብለው ሲጸልዩ መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ጌታ ማገልገል ደከመኝና ሳልውጠው አደርኩ። ስድስተኛውንም፣ ሰባተኛውንም እንደዚሁ።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። የገዛ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ቁልፉ እጄ ላይ እያለ፣ ተቆልፎብኝ ቀረሁ። ጫልቱ ከጓዳ መጣች። ጣቶቼን አየች። ሄዳ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አመጣችና ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ንብረት ክፍል የምትሠራ ሴት ፊት ክኒን አይደበቅም።

"የሦስት ሳምንት ትርፍ አለ" አለች። "አስረዳኝ።"

አስረዳሁ። ከጠመኔው ጀምሬ ሁሉንም አወጣሁ። ይቆጣኛል ያልኩት ፊቷ በእንባ ተሞላ። "እኔ ቁልፍህን ዕድሜ ልክ ብቆልፍልህ አይከብደኝም። አንተ ግን ያለ ሰሌዳ እንዴት ትኖራለህ?" አለችኝ። 

እሷ ናት ለዶክተሯ የደወለችው። ዶክተሯ በስልክ የተቆጣችኝን እዚህ አልጽፍም፤ መምህር ተማሪውን እንደዚያ አይቆጣም። ደም አስመርምሬ እንድቀጥል አዘዘች፣ ያለፈውን ላካክስ ብዬ ሁለት እጥፍ እንዳልውጥም አስማለችኝ። ማክሰኞ ማታ ኅብረቱ እኛ ቤት ሲሰበሰብ ደግሞ ጫልቱ ጸሎቱ ሳይጀመር ተነሥታ ቆመች።

"ኦቦ ቶላሳ፣ ባሌ የሚለው አለው።"

ተነሣሁ። "ኦቦ ቶላሳ" አልኩ፤ "ጸሎትዎን... በሌላ በኩል ቢያደርጉልኝ። እኔን የጎዳኝ ድካም አይደለም፣ ብርታት ነው። መድኃኒቱንም ሦስት ሳምንት ትቼው ነበር። እጄን ይዩት።" ያለ ጠመኔ፣ እንዳበጠ፣ መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። በዚያ ቤት መዳፌን ለሰው ከዘረጋሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

ኦቦ ቶላሳ እጄን አዩት። ሳይነኩት፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ብዙ ቆይተው አዩት።

"ይሄን ደብቀህ ነው አንጓህን ስትሰጠኝ የኖርከው?"

"አዎ።"

"ዋቆ ኮ!" አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። "መድኃኒቱንስ ያስተውኩህ እኔ ነኝ?"

መልሱን ከፊቴ አነበቡ። ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለደካማ ብርታት ሲለምኑ ኖረዋል፤ ለብርቱ ድካም እንዴት እንደሚለመን አልለመዱትም። ጢማቸውን ሲያሹ፣ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና በመጨረሻ ተነሡ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነጎደም።

"ጌታ ሆይ፣ ከልክ በላይ የበረታውን አሳርፍ። ዘበኛው የቤቱን ሰው እንዲያውቅ ዓይኑን ክፈትለት። የዚህን ሰው እጅ ለሰሌዳው መልስለት። እኔንም ስለማላውቀው ነገር ከመምከር ጠብቀኝ።"

አሜን ያልኩት ከሆዴ ነው።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ቶላሳ የመድኃኒቴ ዘበኛ ሆኑ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከጉደር ገበያ፣ ከእህል ክምር መሀል ስልክ ይደውላሉ፤ "በርሲሳ፣ ማክሰኞ ነው! ዛሬ ብቻ! ነገ እንዳትነካው!" ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ገበያተኛው በሙሉ ሰምቶ፣ እኔ ጉደር ስወርድ የማላውቃቸው ሴቶች "ዋጥከው ወይ?" ይሉኛል። የአያንቱ ጀሪካን ባዶ ሆኖ ተመልሶላት አሁን ጋዝ ትቀዳበታለች፤ ሽታው ግን ጋዙንም አሸንፎታል አሉ።

አንድ ወር ምንም የለም። ሁለት ወርም ያው። ወደ ሦስተኛው ግድም አንድ ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ ወደ በሩ ስሄድ ጫልቱ መጥበሻ ይዛ ቆማ ትኩር ብላ ታየኛለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ማን ቆለፈልህ?" አለች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ሁሉም ቁልፍ ተቆልፏል። ራሴ ነኝ፣ ሳላስበው። እንቁላሉ መጥበሻው ላይ አረረ፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

በዚያ ሳምንት ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። የክብ ምዕራፍ እንኳ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ለምን ትንፋሼን እንደያዝኩ አልገባቸውም። ጠመኔውን አሳርፌ ዞርኩ። በግራ በኩል ትንሽ ጎርበጥ አለ፤ አንዱ የጣቴ አንጓ አልተመለሰም፣ እንደማይመለስም ዶክተሯ ነግራኛለች። ግን ጫፍና ጫፉ ተገናኘ። ያቺ ኤሊፕስ ገና አልደረስንም ያለችኝ ልጅ፣ አሁን ከፍ ያለ ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ አየችና ለብቻዋ አጨበጨበች። ክፍሉም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተከተላት።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ኦቦ ቶላሳን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ካወቁ ወዲህ እሳቸው ራሳቸው በአንጓዬ ነበር ሰላም የሚሉኝ፣ ያውም በሁለት ጣት። እንደለመዱት አንጓዬን ፈለጉ። እኔ መዳፌን ዘረጋሁ። ቆም አሉ፤ ፊቴን አዩ። ከዚያ ያንን ኩንታል የሚያነሣ እጃቸውን አምጥተው፣ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው ያዙኝ።

"ይጨብጡት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ይጨብጡት እንጂ!"

ጨበጡኝ። "አካም ጂርታ?" አሉ። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቁኝ፤ አንድም ሳላጓድል መለስኩ። ትንሽ አመመኝ፤ በደስታ ቻልኩት። ጥያቄው አልቆ እጄን ሲለቁኝ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ነጭ ሆኗል።

"አሁንም ጠመኔ?" አሉ ቅንድባቸውን ሰቅለው።

"የዛሬው ከሰሌዳ ነው ኦቦ ቶላሳ" አልኳቸው።